ዊንዶውስና ኡቡንቱ የታረቁ ዕለት

አሁን ነገሌ ቦረና ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ በቪዲዮ የሚያወራ ሰው ባየሁ ቁጥር ሁሴን ትዝ ይለኛል። ያኔ አንዲት ጠባብ ኮምፒውተር ቤት በጋራ ነበረችን። የእኔ ማሽን የሚሠራው በዊንዶውስ፣ የእሱ ደግሞ ኡቡንቱ በሚባል ሌላ ሲስተም ስለነበር ስንበሻሸቅ እንውላለን። አንድ ቀን ጫልቱ የምትባል የወታደር ሚስት ሕፃን ልጇን አዝላ ከካምፑ መጣች። ልጅቷ የተወለደችው ባሏ ሰላም ለማስከበር ውጭ አገር ከሄደ በኋላ ነው። "አይቷት አያውቅም፤ ነገ ደግሞ እሱና ጓዶቹ ኔትወርክ ወደሌለበት ይሄዳሉ" አለችን።

ችግሩ፣ ኢንተርኔቱ የሚገባው በእኔ ማሽን፣ ካሜራው የሚሠራው ደግሞ በሁሴን ማሽን ብቻ ነው። "በል፣ ዊንዶውስህን ከእኔ ኡቡንቱ ጋር አስታርቀው" አለኝ ሁሴን እየሳቀ። ሁለቱን በገመድ አገናኘን፤ እኔ ማሽኔ የኢንተርኔት መስመሩን እንዲያጋራ አደረግኩ፣ እሱ የኔትወርክ አድራሻውን በማሽኑ ላይ ቁጥር በቁጥር አስገባ። ግንኙነቱ ግን እምቢ አለ። ጫልቱ ልጇን እሹሩሩ እያለች ዓይን ዓይናችንን ታያለች። ሁሴን የተሳሳተች ቁጥር አግኝቶ አስተካከለና በቪዲዮ ደወለ፤ ስክሪኑ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ብቅ አለ።

"አካም፣ ጫልቱ!" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት፣ በጎጃም ቅላጼ። ጫልቱ ልጅቷን ወደ ካሜራው ከፍ አደረገቻት። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ "እስቲ ራቅ አድርጊያት፣ እግሯንም ልየው" አላት።

እኔና ሁሴን ቀስ ብለን ወደ በረንዳው ወጣን። ሰውየው ለልጁ በኦሮምኛ ሊዘፍንላት ሲሞክር፣ ጫልቱም ስትስቅበት ይሰማናል። አንድ ደንበኛ ሊገባ ሲል ሁሴን በሩ ላይ ቆመና "ዛሬ ቤቱ ተይዟል" አለው።