ከጎማው በላይ ሦስት ጡጫ

ጋሽ ሽቅብ ወደ መለዋወጫ ሱቁ ሲገቡ እልህ ይዟቸው ነበር፤ እልህ የያዘው ሰው ዕቃ ሲገዛ ማየት ደግሞ ያስፈራል። ጋሽ ሽቅብ የቅጽል ስማቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሲነዱ “ትንሽ ከፍ ቢል” ያላሉት መኪና ስለሌለ ሾፌሮቹ አወጡላቸው፤ እሳቸውም ሲጠሩበት አይከፋቸውም፣ እንዲያውም ደረታቸው ይነፋል።

በዚያ አካባቢ የመኪና ጉብዝና የሚለካው በጡጫ ነው። ሾፌሩ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሀል ባለው ክፍተት ጡጫውን ይደራርባል። አንድ ጡጫ ብቻ ያስገባ መኪና “የአስፋልት አሻንጉሊት” ተብሎ ይሾፍበታል። ሁለት ያስገባ ይከበራል። የባለ ሦስት ጡጫ ጌታ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። ይህ መለኪያ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ጠይቆ የሚያውቅም የለም።

የጋሽ ሽቅብ መኪና ሁለት ጡጫ ነበረች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከላይኛው መንደር ሰባት የኩላሊት ሕሙማን ይዛ ታች ወዳለው ሆስፒታል ለእጥበት ትወርዳለች። ከሰባቱ አንዷ የራሳቸው ባለቤት ናቸው። ባለፈው ዓርብ ግን መኪናዋ ድንጋያማውን ወንዝ ስትሻገር ሆዷ ተይዞ ቀረች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገፍታ ወጥታ ሆስፒታል ሲደርሱ ተራቸው አልፎ፣ ማሽኖቹ በሌላ ሰው ተይዘው ነበር። ባለቤታቸው ሳይታጠቡ ተመልሰው እስከ ማክሰኞ ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ሰነበቱ። የዝናቡ ወቅት ሊገባ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

“ስማ” አሉት ባለሱቁን፣ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። “አካሏን ከሚሸከመው ባሌስትራ ሥር የሚገባውን የብረት ማንሻ ስጠኝ። ባሌስትራውንም ከባዱን አድርገው።”

“ማንሻው ስንት ኢንች ይሁን?”

“ያለህን ትልቁን! ከእንግዲህ ድንጋይ ሆዷን ቢነካት ስሜን ቀይር።”

“ኧረ ጋሼ፣ ስምዎንስ ሾፌሮቹ ቀድመው ቀይረውታል” አለች ከኋላቸው አንዲት ሴት።

ዞር ሲሉ የእህታቸው ልጅ ናት። ከቴክኒክ ኮሌጅ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ጋራዥ ከመኪና ሥር ገብታ ትውላለች። የዘይት ማጣሪያ ልትገዛ ብቅ ብላ ነው። ሰላምታው በወጉ አለቀ፤ የቤተሰቡ ደኅንነት አንድ በአንድ ተጠየቀ። ባለቤታቸው ደጅ በቆመችው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ስለነበር ወጥታ ሳመቻቸው። ከዚያ ተመልሳ አጎቷ ፊት ቆመች።

“ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዓርብ ዕለት ድንጋዩ የነካው የቱን ቦታ ነው?”

“ሆዷን ነዋ!”

“የሆዷን የቱን?”

ጋሽ ሽቅብ ተይዛ የማታውቅ መኪና የላቸውም፣ ሥሯ ገብተው ምኗ እንደተነካ አይተው ግን አያውቁም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ያመመን የት እንደሆነ ሳናውቅ መድኃኒት ቤት እንገባለን።

“አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን መንገድ ስመላለስበት አንቺ ገና እናትሽ ጀርባ ላይ ነበርሽ።”

“እሱማ እውነት ነው። መንገዱን እርስዎ ያስተምሩኛል፤ ከመኪናው ሥር ያለውን ደግሞ እኔ ላሳይዎ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ። ካላሳመንኩዎ ማንሻውን ራሴ እገጥምልዎታለሁ።”

የውርርድ ነገር ሲመጣ ጋሽ ሽቅብ እምቢ ማለት አይችሉበትም። መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ ካለው ጉድጓድ አናት ላይ አቆሟትና ከልጅቷ ጋር ወረዱ። ባለቤታቸው ዳር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ወደ ታች ያዩ ጀመር።

“ይህን ያበጠ ብረት ያውቁታል” አለች በኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለውን እያሳየች።

“ዲፈረንሻል ነው። አላዋቂ አደረግሽኝ እንዴ?”

“ከመኪናው ሁሉ ለመሬት የሚቀርበው እሱ ነው።” በሜትር ከመሬቱ እስከ ብረቱ ለካችና ቁጥሩን በኖራ ግድግዳው ላይ ጻፈች። ከዚያ ክሪክ አስገብታ የመኪናዋን አካል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረገችው፤ ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ ናቸው። “አሁን ይውጡና በጡጫዎ ይለኩልኝ።”

ወጥተው ለኩ። ሦስት ጡጫ ገብቶ ለአራተኛው የአውራ ጣት ያህል ብቻ ጎደለ። ፊታቸው በራ።

“ይኸው! ይህን ነው የምለው!”

“ግሩም። አሁን ይውረዱና ዲፈረንሻሉን ይለኩት።”

ለኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሜትሩን ተጠራጥረው በጡጫቸው ለኩት፤ ያው ነው። ብረቱ ዘንግተውት እንደሄዱ ዕቃ እዚያው መሬቱ አጠገብ ተቀምጧል።

“ዲፈረንሻሉ የታሰረው ከጎማዎቹ ጋር ነው” አለች በቀስታ። “አካሉን ሰማይ ቢያደርሱት እሱ አይከተልም። እሱን ትንሽ የሚያነሣው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ይዩ።” የፍሬኑ ቱቦ አካሉ ሲነሣ ተወጥሮ እንደ ገመድ ቀጥ ብሏል። “በዚህ ሁኔታ ጎማው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቢንጠለጠል ቱቦው ይበጠሳል። ያን ጊዜ ሰባት ሕሙማን ይዘው ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ይወርዳሉ።”

ጋሽ ሽቅብ ቱቦውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ደነገጡ፤ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

“ቱቦ ይቀየራል። ደግሞስ ዲፈረንሻሉ ጭረት የለበትም፤ ታዲያ ዓርብ ዕለት ምን ያዘኝ?”

“አሁን ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ!” አለች፣ እውነትም ደስ ብሏት። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተጨራምቷል፤ የጎን መወጣጫው ተፍቆ ነጭ ብረት ወጥቷል። ባሌስትራው ከአካሉ ጋር እንዳይላተም የተቀመጠው ላስቲክ ደግሞ እንደ ተረገጠ ሳሙና ተጨፍልቋል። “እርስዎ ሁልጊዜ የሚለኩት ባዶዋን ነው፤ ወንዙን የምትሻገረው ግን ሰባት ሰው ተሳፍሮባት ነው። ባሌስትራዎ ደክሟል፤ ሲጫንበት ይጎብጣል። ዝላዩን የሚያረጋጋው ሾክ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ በየድንጋዩ እየነጠረች ትወድቃለች። ሁለት ጡጫ ያሏት ሰፈር ውስጥ ነው፤ ወንዙ ውስጥ ግማሽም የላት።”

“እኮ! ለዚህ እኮ ነው ከባዱን ባሌስትራ ያልኩት። ለአንድ ቶን የተሠራውን! ጠንካራ ነገር ማንን ጎድቶ ያውቃል?”

“እኔን” አሉ ከላይ ባለቤታቸው።

ሁለቱም ቀና አሉ። ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ባልየውን በቀጥታ ይመለከታሉ።

“ባለፈው ወር ያንተ መኪና ተበላሽታ በጎረቤታችን መኪና ሄድን። ባለ ሦስት ጡጫው፣ ከባድ ባሌስትራ የገጠመው። ትዝ ይልሃል?”

“እንዴት አይታወሰኝም! ወንዙን እንደ ድልድይ ነው የተሻገረው።”

“እሱ ተሻገረ። እኛን ግን በየድንጋዩ ከጣሪያው ጋር እያላተመ ነው ያደረሰን። ከእጥበት በኋላ ሰውነቴ ባዶ ነው፣ አንተም ታውቃለህ። ስመለስ በመዶሻ የተቀጠቀጥኩ መሰለኝ። በማግስቱ ከአልጋ አልወረድኩም። የዚያኑ ሳምንት ዓርብ ስትነሣ ‘ራሴን አሞኛል፣ ዛሬ አልሄድም’ አልኩህ። ራሴን አላመመኝም ነበር። መንገዱን ፈርቼ ነው የቀረሁት።”

“ለምን አልነገርሽኝም?” አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

“ያን መኪና ስታደንቅ መዋልህን እየሰማሁ? ደግሞ የምትለፋው ለእኔ ብለህ ነው። አሁን ግን ከባዱን ገጥመህ ካመጣህ እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ቀን እንኳ ዳግመኛ አልሳፈርም። እቤቴ ልሙት እላለሁ።”

ጋሽ ሽቅብ ተራ አለፈብን ብለው ሳምንቱን ሙሉ በድንጋዩ ሲበግኑ ከርመዋል፤ ሚስታቸው አንድ ተራ በገዛ ፈቃዳቸው እንደጣሉ ግን አላወቁም። አፈሩ። ሠላሳ ዓመት ሲነዱ መንገዱንና መኪናውን ብቻ እንጂ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው አይለኩም ነበር። እኛም ብንሆን የምንሠራው ለማን እንደሆነ ሥራው ራሱ ሲያስረሳን እንገኛለን።

ከጉድጓዱ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

“በይ ልጄ” አሉ፣ “ምን ላድርግ? እንደማላውቅ ሰው ቁጠሪኝና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።”

“ማክሰኞ ሁሉም እንደተሳፈሩ በእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ ያቁሟት። ከነውሃ በርሜሉ፣ ከነትርፍ ጎማው። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ጽፈው ያምጡልኝ። ባሌስትራ የሚመረጠው በየቀኑ በሚጫነው ክብደት ነው፤ በፉከራ አይደለም።”

ማክሰኞ ሕሙማኑ ሚዛን ላይ መቀመጣቸውን ሲሰሙ ሳቁ። “እንደ ስንዴ ልትሸጠን ነው እንዴ?” አሉ ከሕሙማኑ አንዱ፣ ጡረታ የወጡት መምህር። ጋሽ ሽቅብ ግን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነብበው በወረቀት ጻፉ። ለአንድ ቶን የተሠራውን ባሌስትራ ሊገጥሙለት የነበረው ጭነት ቶን ይቅርና ግማሹን በጥቂት ነበር ያለፈው።

ልጅቷ ለዚያ ክብደት የተሠራውን መካከለኛውን መረጠች፤ መኪናዋን ከፍ የሚያደርጋት ሁለት ኢንች ብቻ ነው። ከዚያ ቁመት ጋር አብሮ የተሠራ ሾክ፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ፣ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ ጨመረች። የጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካከለች፤ የብረት ማንሻውን ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ተወችው። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ማታ ከሥሯ አልወጣችም። ጋሽ ሽቅብ አጠገቧ ተቀምጠው መፍቻ እያቀበሉ ምንነቱን አንድ በአንድ ጠየቁ። ሾፌሮቹ እየመጡ “ሁለት ኢንች? እርስዎ?” እያሉ ቢያሾፉም፣ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ወንዙ ደፍርሶ ድንጋዮቹ ጠፍተዋል። ጋሽ ሽቅብ ማርሹን ዝቅ አድርገው በቀስታ ገቡ። መኪናዋ ድንጋዩን በአንድ እግሯ ረገጠች፣ ዝቅ አለች፣ ቀና አለች፣ ደግማ አልነጠረችም። ከሥር የተሰማ ድምፅ የለም። በሰዓታቸው ደረሱ፤ ሰባቱም ማሽን አገኙ።

በሆስፒታሉ ግቢ የሌላ መንደር ሾፌር ጡጫውን ወደ ጎማቸው ሲሰድ ያዙት።

“ተው ወንድሜ፣ እሱ አይነግርህም” አሉት። “መጀመሪያ ሥሯ ግባና ምኗ እንደሚነካ እይ። ከዚያ የምትጭነውን በሚዛን ለካ። ባሌስትራውና ሾኩ አብረው የተሠሩ ይሁኑ፤ ፍሬኑን አትርሳ። ከሚያስፈልግህ በላይ አትነሣ፤ ከፍ ባልክ ቁጥር በጎን ዳገት ላይ የመገልበጥ አደጋህ ይጨምራል። እንዲህ ስታደርግ ጎማህ ቶሎ አያልቅም፣ መሪህ አይንቀጠቀጥም፣ መንገድ ላይ አትቀርም። ከሁሉ በፊት ግን ከኋላ የሚቀመጡትን ጠይቃቸው። እኔ ሳልጠይቅ ልቀር ነበር።”

“ማን ነው ይህን ያስተማረዎ?”

“የእህቴ ልጅ” አሉ፤ ኮራ ብለው።

ሲመለሱ ዳገቱ መሀል ላይ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከቱ። የባለቤታቸው ራስ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ዓይናቸው ተከድኗል። ፍሬን ይዘው ዘወር አሉ።

“እስ!” አሉ መምህሩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። “ተኝታለች እኮ። ከወንዙ ጀምራ ነው።”

በዚህ መንገድ ላይ ተኝቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መኪናዋ መቆሟ ግን ባለቤታቸውን አነቃቸውና ዓይናቸውን አሻሹ።

“ምን ሆነህ ቆምክ?”

“ምንም፣ ምንም አልሆንኩም።”

“እንግዲያ ንዳ።” ሻርፓቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው መልሰው ተደገፉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ዓርብ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?” አሉ።

ጋሽ ሽቅብ ወደ መንገዱ ዞሩ። “ሊነጋጋ ሲል” አሉና ማርሹን አስገቡ።