ወንበር ዘሎ አይመጣም

ጥርሴን ላስነቅል ሆስፒታል የሄድኩ ቀን፣ ጉንጬ አብጦ ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ልጣላ ምንም ሳይቀረኝ፣ የትምህርት ቤታችንን የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጆቹ ጋሽ ወንበሩ ይሏቸዋል። የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው በመካከሉ ኳስ እያነጠሩ እንዲዞሩ ያደርጓቸዋልና ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ። እኔም እዚያው አስተማሪ ስለሆንኩ ወንበሩ ሲጎተት የሚያሰማውን ጩኸት ስረግመው ኖሬአለሁ።

አጠገባቸው ረዳታቸው ተቀምጣለች፤ የወንድማቸው ልጅ ናት፣ የስፖርት ትምህርቷን ጨርሳ የመጣች። ክፍሉ ውስጥ የተኛችው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ናት። በጨዋታ ላይ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ሐኪሙ ከእንግዲህ ትራመዳለች እንጂ አትጫወትም ብሏል።

ነገሩን የነገረችኝ ረዳቷ ናት። አንዷ የቡድን ጓደኛዋ ለልጃቸው እንደ ግድግዳ ቆማ ተከላካይዋን ጋረደችላት፤ ከለላ የሚሉት ይህ ነው። ልጅቱ እንደለመደችው አንገቷን ደፍታ የጓደኛዋን ትከሻ እየታከከች ልትዞር ስትል፣ ከከለላው ጀርባ ሌላ ተከላካይ ዘላ ወጣችባት። የፊተኛዋም ከኋላ ደረሰችባት። በሁለቱ መሃል ልሾልክ ብላ ስትታገል እግሯ ተጠመዘዘ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ዕድሏ ነው» አሉ ጋሽ ወንበሩ።

«ዕድል አይደለም ጋሼ። ይቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ» አለች። «ወንበር ዘሎ አይመጣም። ልጆቻችን የለመዱት ቆሞ የሚጠብቃቸውን ነው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እኔ እኮ ወንበር የመረጥኩት እርስ በርስ ተጋጭተው እንዳይጎዱብኝ ብዬ ነው።»

«ጅቡ አልሄደም፤ እሑድ ይመለሳል። የምንገጥመው ያንኑ ቡድን ነው። በእሷ ቦታ የምትገባውን ልጅ ደግሞ እናቷ አደራ ያለችው እርስዎን ነው።»

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ጥርሱን የሚያመው ሰው አፉን አይዘጋም። ታዲያ ምን ይደረግ ይመስልሻል ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁለት ሆነው ሲወጡባት ኳሷን እያነጠረች ወደ ኋላ ታፈግፍግ፤ ቀና ብላም ትመልከት። ሁለቱ እሷን ሲከተሉ አንዷ ጓደኛዋ ጠባቂ አይኖራትም፤ ለእሷ ትስጥ። መሃላቸው ከተከፈተም እጅ ቀይራ፣ ዝቅ ብላ ትለፍ። ግን ይህን የምትማረው ሰው ሲወጣባት ነው።»

«ማፈግፈግ? እኔ ልጄን ፈሪ አድርጌ አላሳደግኋትም» አሉ።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ኖሮ ልጅቱ ሁሉንም ሰምታለች። አባቷን ጠራቻቸው። ገብተው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ያቺ ልጅ ስትወጣብኝ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። አንተ ያልከኝን አስታወስኩ፤ አንገቴን ደፋሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም ጥርሴን ሳላስነቅል ወጣሁ። ሰው ለልጁ ከማሰብ ብዛት በለመደው ነገር ሊጎዳት እንደሚችል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ እንኳ ይቀል ነበር።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ወንበር አልተደረደረም። ረዳቷ ከለላ ሆና ቆመች፤ ከጀርባዋ ዘለው የሚወጡት ራሳቸው ጋሽ ወንበሩ ናቸው፣ ያውም በዚያ ወገባቸው! መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላ በሩጫ አደረጉት። አዲሷ ልጅ ኳሷን ስትነጠቅና ስታለቅስ ሰነበተች። ቀስ በቀስ ግን አንገቷ ቀና አለ፤ ሲወጡባት ታፈገፍጋለች፣ ታያለች፣ ታቀብላለች።

እሑድ ተሸነፍን፤ አልዋሽም። ነገር ግን ሁለቱ በወጡባት ቁጥር አዲሷ ልጅ ወደ ኋላ ብላ ጓደኛዋን ታገኝ ነበር። ሲያልቅም በገዛ እግሯ ወደ እናቷ ሄደች። በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ መለማመድ ልጅን የሚጎዳ የሚመስለው ካለ ይህን ይይ፤ ዓይኗን ይከፍትላታል፣ ጉልበቷንም ያተርፍላታል።

ከወንበሮቹ አንዱ ብቻ ሜዳው ዳር ነበር፤ ልጃቸው ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣበታለች። የአዲሷ ልጅ እናት አሰልጣኙን ልታመሰግን ስትመጣ እሳቸው እጇን ይዘው ወደዚያ ወሰዷት።

«እሷን አመስግኚ፤ እኔን ያስተማረችኝ በጉልበቷ ነው» አሏት።