ደም የሚያቆመው መርፌ

(ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሆስፒታል የሴቶች ክፍል። የልብ ድካም ያለባትና ከማህፀኗ የሚፈሰው ደም አልቆም ያላት ትርንጎ ተኝታለች፤ ባሏ ደባልቄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።)

ትርንጎ፦ አልፈልግም አልኩህ እኮ። መርፌውን መልሱት በላቸው።

ደባልቄ፦ ደሙ ካልቆመ ትሞታለች አለኝ እኮ ዶክተሩ! ምኑን ነው የሚመልሱት?

ትርንጎ፦ ሊረጋ እንደሚችልስ አልነገረህም? የደከመ ልብ ውስጥ ደም ቶሎ ይረጋል ብሎኛል። የረጋው ጭንቅላቴ ላይ ቢወጣስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ደባልቄ፦ ሊሆን ይችላል አለ እንጂ ይሆናል አላለም። በዝግታ እየሰጠናት ከአጠገቧ አንለይም ብሏል።

ትርንጎ፦ ታዲያ ለምን ደም አይሰጡኝም?

ደባልቄ፦ በላይ በላዩ ቢሰጡሽ ልብሽ አይሸከመውም፤ ሳንባሽ ውሃ ይሞላል። ደግሞስ እየፈሰሰ ምን ዋጋ አለው? ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ተወው። ምንም አላመመኝም።

ደባልቄ፦ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው እሱ።

ትርንጎ፦ ይውሰደኛ።

ደባልቄ፦ ትርንጎ!

ትርንጎ፦ ሞቱ አይደለም። ግማሽ ጎኔ በድን ሆኖ ብቀርስ? ማን ያጥበኛል?

ደባልቄ፦ እኔ።

ትርንጎ፦ አንተ? ካልሲህን አጥበህ ታውቃለህ?

ደባልቄ፦ እማራለኋ። ሳቂብኝ ግዴለም፤ ከሳቅሽ ስንት ጊዜሽ።

ትርንጎ፦ አልሳቅኩም። ሳቁም ለቅሶውም እምቢ ብሎኛል። ልጄን፣ ምንተስኖትን አፈር ስናለብሰው እንኳን እንባ አልወጣኝም። እናቱ ሆኜ! ሰው ምን እንዳለ ሰምቻለሁ።

ደባልቄ፦ ሰው ያለውን ይበል።

ትርንጎ፦ አንተስ ምን አልክ?

ደባልቄ፦ እኔማ የማየውን አያለሁ። እስከ ዛሬ በሩን ሳትቀረቅሪ ነው የምትተኚው። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ ...ታውቅ ነበር?

ደባልቄ፦ ተነስቼም ቀርቅሬው አላውቅም። ስሚኝ፣ ዘመዱ ሁሉ እንዳይከፋኝ ብሎ የልጃችንን ስም መጥራት ትቷል። አንቺ ከሄድሽ «ምንተስኖት እንዲህ ብሎ ነበር» ብዬ ለማን አወራለሁ? ለማን?

ትርንጎ፦ ነርሷን ጥራት። ጠርተህ ግን ቶሎ ተመለስ፤ እጄን በረደኝ።