ጥምቀተ ባሕር ላይ የቆመ ሮቶ

አርሴማ ከሞጣ በመጣችበት ሚኒባስ ብቸና ወርዳ ወደ እናቷ ቤት ስታቋርጥ፣ በጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ በኩል የቁጣ ድምፅ ሰማች። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩት የቅኔ መምህር፣ የኔታ ሣህለ ማርያም፣ ሌሊት አንድ ሰው የከመረውን የአጥር ድንጋይ በመቋሚያቸው እየገፉ ያንከባልላሉ።

«ባለቤት የሌለው መሰላቸው! ታቦት የሚያድርበትን መሬት!»

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መጣሽ? ነገ የወንዙን ዳር ከሰው ልትነጥቂ!»

ነገ የከተማው ሰው የሚመክርበትን ደንብ ያረቀቀችው እሷ ነበረች። ከተማውን አቋርጦ በዚህ ሜዳ ግርጌ የሚያልፈው የእንዶድ ወንዝ ግራና ቀኙ ይከለል፤ ቤትም ሽንት ቤትም አይሠራበት የሚል ደንብ ነው። የኔታ ከተቃወሙ ግን እጅ የሚያወጣ አይገኝም። ይህን ስለምታውቅ መንገዷን ትታ አጠገባቸው ቆመች።

«ይህ ሜዳ በዓመት ለሁለት ቀን ነው የሚያገለግለው። ለምን ቤት አይሠራበትም?» አለች ልትፈትናቸው።

«አፍሽን ያዢ!»

«ባለፈው ጥምቀት የባረካችሁት ውሃስ ከየት መጣ?»

የኔታ ዞር ብለው ተመለከቱ። ካምናው በዓል የቀረ ጥቁር የውሃ ሮቶ፣ ክዳኑ ጠፍቶ፣ ድንጋይ ላይ ቆሟል።

«ከቧንቧ። ወንዙ ገማ። ምን እናድርግ?»

«በራሱ አልገማም፣ አገማነው እንጂ!»

የአርሴማ ደም ፈላ። ሰዉ ጫማውን አውልቆ ሜዳውን ይሳለማል፤ በማግስቱ የሽንት ቤቱን ቱቦ ወደ ውሃው ያዞራል። ነውር ነው ብሎ የሚገሥጽ ጠፍቶ ሮቶ ተገዛ! የከተማ ኀፍረት በፕላስቲክ የሚሸፈን ይመስል!

«ወንዙ ዳር ያለችኝ መሬት ያባቴ ናት» አሉ የኔታ። «ዛሬ አትሥሩ ይላሉ፣ ነገ ውጡ ይላሉ። ስንቱን አየን፣ ልጄ።»

«አይፍሩ አልልዎትም። ደንቡ ከየባለመሬቱ ጋር ውል ይፈረም የሚለውም ለዚሁ ነው። ይዞታው በስምዎ ይቆያል። ሣሩን ያጭዳሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ፣ ለልጅ ያወርሳሉ። የሚተዉት ዳሩ ላይ መሥራትንና ቆሻሻ መልቀቅን ነው። ከተማውም በውሉ ይታሰራል፤ ያንን መሬት ነጥቆ ለሌላ መስጠት አይችልም።»

«ውበቴስ? የሆቴሉን እጣቢ በጠራራ ፀሐይ የሚለቀው? ሕጉ ለድኻ ብቻ ነው?»

«ለሁሉም ነው። ለመሆኑ ነገ ተነሥተው ይቃወሙ ያለዎት ማን ነው?»

የኔታ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «ውበቴ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምነው ራሱ አይናገር? በእርስዎ ጥምጥም ጀርባ ቱቦውን ሊደብቅ ነው!»

«ከዚያ ሰው ጋር ታዳብይኛለሽ?»

«ይምጡና እንይ።»

በወንዙ ዳር ሽቅብ ወጡ። የኔታ፣ ይታያል የሚባለው ልጃቸው የኪራይ ክፍሎች ከሠራ ወዲህ፣ ከጓሯቸው በታች ወርደው አያውቁም። አሁን ከክፍሎቹ ግንብ ሥር ብቅ ያለ ቱቦ ጥቁር ነገር ሲያንጠባጥብ አዩ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሁለት የቅኔ ተማሪዎቻቸው ጎንበስ ብለው ጀሪካን ይሞላሉ።

«ከዚህ ነው የምትጠጡት?» አሉ የኔታ ጮኸው።

«ቧንቧው ሲጠፋ፣ የኔታ።»

በክረምት አንዱ ተማሪያቸው ሆዱን ታሞ፣ ከስቶ፣ በሰው ትከሻ ወደ አገሩ ወደ መርጡለ ማርያም ተመልሷል። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ያሹለት እሳቸው ነበሩ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቱቦውን ትኩር ብለው አዩት።

«የማንንም አጥር ሳፈርስ ኖሬ» አሉ በመጨረሻ፣ «የራሴ ቤት ልጆቼን ያጠጣቸው ይህን ነው?»

የአርሴማ ቁጣ ገና አልበረደም ነበር፤ ግን ሽማግሌውን ደግፋ ወደ ሜዳው መለሰቻቸው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ከፊት የተቀመጠው ውበቴ፣ የኔታ ሲነሡ፣ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀላቸው።

«ልቃወም ቃል ገብቼ ነበር» አሉ። «አልቃወምም። ዳሩ ሣርና ዛፍ ሲለብስ ጎርፉ ቤታችንን አይጠርግም፤ ከብቱ ንጹሕ ይጠጣል፤ ልጆቻችን በየክረምቱ ሆዳቸውን ይዘው አይተኙም። ታቦቱም ወደ ሮቶ ሳይሆን ወደ ወንዝ ይወርዳል። መሬታችንም የእኛው ነው። ቱቦዬን ዛሬ ጠዋት በእጄ ነቅያለሁ። ልጄ ተቆጥቷል፤ ይቆጣ። ጉድጓዱን ከወንዙ አርቆ ይቆፍራል። ውሉን መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። ያንንም ሮቶ ለዳሩ ችግኝ ማጠጫ አድርጉት።»

ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ ፊተኛው ወንበር ዘረጉ።

«ውበቴ፣ የእኔን ተናገርሁ። አሁን ተነሥና ስለ ራስህ ቱቦ ተናገር።»

ሕዝቡ ጠበቀው። ውበቴ አልተነሣም። ከኋላ ደንቡን ደግፎ አንድ እጅ ወጣ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ።