አራት ዙር ብቻ

ከጉቴ ወደ ነቀምቴ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ እያነከሰች ገብታ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ባለ ቱታ ወጣት ጠየቋት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እግርሽን ምን ነካው?»

«ሩጫ ነው፣ አዴ። ወልጄ ሁለት ዓመት አቁሜ ነበር። ባለፈው ሳምንት የፍጥነት ልምምድ ጀመርኩ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንድ ዙር በኃይል ሮጦ ትንሽ ማረፍ፣ ከዚያ እንደገና መሮጥ። አሰልጣኜ ‹አራት ዙር ብቻ› ብሎኝ ሄደ።»

«አንቺስ?»

«አሥር ልሞላ አሰብኩ።»

«ማሎ! ማን አሳደደሽ?»

«ማንም። ድሮ ከኋላዬ ይቀሩ የነበሩት ልጆች ገና እየሮጡ ነበር፤ ማቆም አሳፈረኝ። ሰባተኛው ላይ የጭኔ ጡንቻ ቀጭ አለብኝ።»

«አይዞሽ፣ ይድናል።»

«ይድናል። ክለብ ለመግባት የምሮጠው ማጣሪያ ግን ነገ ነው።»

«ታዲያ አሁን ወዴት ነሽ?»

«ለአሰልጣኙ እውነቱን ልነግረው። በስልክ ሁለቴ ‹ደህና ነኝ› ብዬዋለሁ።»

«ልጅሽን ማን ያዘልሽ?»

«እናቴ። እኔ እንድለማመድ ብላ የገበያ ሥራዋን ትታለች።»

«ምን አለችሽ?»

«ትናንት እግሬን በቅቤ እያሸች ‹ለነገ ይደርሳል› አለችኝ።»

ነቀምቴ ገብተን ባኬ ጃማ ላይ መውረድ ሲገባኝ፣ እነሱን እየሰማሁ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩ።