ባለቢጫ ሹራቧ ሴት

እሑድ ከቀትር በኋላ ነው፤ አልጋነሽ በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅማለች፣ ባለቤቷ ዋና ሳጅን ሽመክት ፊቷ ቆሞ ይለምናታል።

አልጋነሽ፦ አልሄድም አልኩህ እኮ! የምስክር ወረቀትህን ብቻህን ተቀበል።

ሽመክት፦ አልጊዬ፣ ሐሙስ ሁሉም ከነባለቤቱ ነው የሚመጣው። እኔ ብቻዬን ልጎለት?

አልጋነሽ፦ ከካሜራህ ጋር ተቀመጥ። የልብ ወዳጅህ እሱ አይደል?

ሽመክት፦ ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ያለፍኩት ፈተና እኮ ነው! እግሬ ከተሰበረ ወዲህ ጎዳና ላይ ወጥቼ መሥራት አልችልም። የመንገድ ካሜራ መቆጣጠሪያ ክፍሉን የብቃት ማረጋገጫ ባላገኝ ግምጃ ቤት ነበር የሚወረውሩኝ።

አልጋነሽ፦ ደብተር ይዞ ሦስት ወር ያስጠናህ ማን ሆነና ነው ለእኔ የምትነግረኝ? ለምን ትወድቅ እንደነበርም አውቃለሁ። «ያየኸውን ብቻ ተናገር» ሲሉህ፣ «ይሄ ልጅ አኳኋኑ አላማረኝም፣ ሌባ ሳይሆን አይቀርም» እያልክ ነው።

ሽመክት፦ በሦስተኛው ግን እንዳስተማርሽኝ ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ።

አልጋነሽ፦ አስተምሬህ በእኔው ተፈተንክብኝ! ማክሰኞ መንገዱ ላይ የቆመችው የትራፊክ ፖሊስ ሬዲዮ ሲለፈልፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ቢጫ ሹራብ የለበሰች፣ ማዳበሪያ የተሸከመች፣ ወፈር ያለች፣ ዕድሜዋ ሃምሳ የሚገመት ሴት የቀለበት መንገዱን ብረት እየተሻገረች ነው።» ማታ ደግሞ መጥተህ «ያቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ፣ ፈተናውን በአንቺ ነው ያለፍኩት» አልከኝ። ሃምሳ! ስንት ዓመቴ ነው ሽመክት?

ሽመክት፦ አርባ አራት።

አልጋነሽ፦ አርባ ሦስት!

ሽመክት፦ ካሜራው እኮ ከላይ ሲያይ ያስረጃል።

አልጋነሽ፦ ያወፍራልም?

ሽመክት፦ ትንሽ። በዚያ ላይ ብረቱ ላይ በሆድሽ ተንጠልጥለሽ ነበር።

አልጋነሽ፦ ድልድዩ ሩቅ ነዋ! ያን ሁሉ ካሮት ተሸክሜ እስከዚያ ልዙር? አንድ ቀን ባቋርጥ ለመንግሥት አሳልፈህ ሰጠኸኝ። ዝም ብትል ምን ትሆን ነበር?

ሽመክት፦ ሬዲዮውን ይዤ ከወንበሬ ብድግ ስል ፈታኟ አይታ ነበር። ስጨርስ «ሴትዮዋን ታውቃቸዋለህ?» አለችኝ። «ባለቤቴ ናት» አልኳት። «ታዲያ ስማቸውን ለምን አልተናገርክም?» ስትለኝ «ስሟ ስክሪኑ ላይ አይታይም» አልኳት።

አልጋነሽ፦ አታስቀኝ! ተቆጥቻለሁ። ደግሞ ለምን ብድግ አልክ?

ሽመክት፦ ሌላኛው ስክሪን ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ እየመጣ ነበር።

አልጋነሽ፦ የምን ገልባጭ?

ሽመክት፦ አንቺ ብረቱን ይዘሽ ወደኋላ እየወረድሽ ስለነበር አላየሽውም። በኩርባው ምክንያት ሹፌሩም አላየሽም። ሁለታችሁንም የማይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አልጋነሽ፦ ትራፊኳ እጇን ዘርግታ መንገዱ መሀል የገባችው...

ሽመክት፦ እሱን ልታስቆም ነው።

አልጋነሽ፦ እኔን ልትቀጣ መስሎኝ ሰደብኳት እኮ!

ሽመክት፦ ሰምተናል። ሬዲዮዋ ክፍት ነበር። ፈታኟም ሰምታለች።

አልጋነሽ፦ አወይ መዓቴ! አምስት ቀን ሙሉ ስወርድብህ ይህን ለምን አልነገርከኝም?

ሽመክት፦ እንኳን ላወራው ላስበውም አልፈልግም። ቁጣሽ ይሻለኛል አልኩ። ብትቆጪም አለሻ! አልጊ፣ ሐሙስ ስሜ ሲጠራ ቀና ብዬ አንቺን ብቻ ነው የምፈልገው። በስክሪን አይደለም፣ በዓይኔ።

አልጋነሽ፦ በል የክት ዩኒፎርምህን አምጣው። አንገትጌው እንደዚያ ተጨማዶ አብሬህ ፎቶ አልነሳም።