«ተራራው ተቀምጧል»

የሙታን ነፍስ ለማዕድ ወደ ቤቷ ትመለሳለች በሚባልበት በጥር ሳምንት፣ በስቫኔቲ ተራሮች፣ ሽማግሌው ሙርዛቃን ሥጋ የተሞላ ዳቦ ታቅፈው፣ ስድስት ዘመዶቻቸውን አስከትለው ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ያቀኑ ነበር። አንድዬ ልጃቸው ቤካ የተቀበረው እዚያ ነው፤ ዓምና መንገዱ ላይ ያለው ዳገት በረዶው ተንዶበት ሞተ።

ከዳገቱ መግቢያ ላይ የእኅታቸውን ልጅ ኔስታንን አገኟት። ከተማ ሄዳ የበረዶን ጠባይ ተምራ የተመለሰች ናት፤ በአካፋ በረዶ ትቆፍር ነበር።

«እሰይ! ተምሮ ተምሮ በረዶ መቆፈር! ወርቅ አገኘሽ?» አሏት ሽማግሌው።

«አጎቴ፣ በሞቴ ዛሬ አይሻገሩ።»

«ልጄ እየጠበቀኝ? ደግሞ አሁን ሜዳው ላይ ከእግራችን ሥር ‹ኡምፍ› ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ተራራው ተቀምጧል። የተቀመጠ አይነሣም፤ አባቴ ያሉኝ ይህንኑ ነው።»

እዚያ አገር ይህን የማይል የለም። በረዶው ‹ኡምፍ› ካለ ደክሞት ዐረፈ ብለው፣ አማትበው ያልፋሉ። ያለፈው ይመሰክራል፤ ያላለፈው በምን አንደበቱ ይመስክር?

«አልተቀመጠም፣ ከሥሩ ተሰብሮ ነው እንጂ። እስቲ እጅዎን ጉድጓዱ ውስጥ ይክተቱ።»

ሙርዛቃን እያጉረመረሙ ተንበረከኩ። ላይኛው በረዶ እንደ ሳንቃ ጠንካራ ነው። ጉልበት ያህል ወረድ ሲል ግን ጣታቸው ዘው አለ፤ በረዶው እንደ ስኳር ፈሰሰ።

«በመጀመሪያው ብርድ የወደቀው ይኸው ነው፤ እርስ በርሱ አልያዝ ብሏል። ላዩ ሲከብደው ይሰበራል፣ የሰማችሁት ድምፅም የስብራቱ ነው። ዳገት ላይ ብትሆኑ ኖሮ ይዟችሁ ይወርድ ነበር።»

«ስድሳ ዓመት ተሻግሬዋለሁ እኮ!»

«እግዜር ጠብቆዎት ነው።»

የሽማግሌው ድምፅ ተለወጠ። «ቤካ እዚሁ ቆሞ ጠይቆኝ ነበር። ‹አባ፣ ኡምፍ አለ፤ እንመለስ?› አለኝ። ሂድ፣ ተቀምጧል አልኩት። ኔስታን፣ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ኔስታን መዋሸት አማራት፤ አልሆነላትም። «የገደለው አባባሉ ነው፣ አጎቴ። ዛሬ ደግሞ ስድስት ሰው ከኋላዎ ቆሟል» አለች እያለቀሰች።

እውነትን መቀበል ለማንም ይከብዳል፤ ለእኒህ አባት ግን እንዴት አብዝቶ ይክበድ! እንቢ ቢሉ ከጸጸት ይድኑ ነበር፤ ስድስቱ ግን አይድኑም።

ዳቦውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አኖሩት። «ቤካ፣ የኔ ጌታ፣ ዘንድሮ መምጣት አልቻልኩም፤ አንተ ወደ ቤት ና» አሉ። ዞር ብለውም «ተመለሱ!» ሲሉ ጮኹ።

ማታ እቤት፣ በማዕዱ ላይ ሙርዛቃን ጽዋቸውን ይዘው ተነሡ። «ተራራ አይቀመጥም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ኡምፍ ካለ ተመለሱ። ዳገቱን ሳትረግጡ ቆፍሩ፤ ስኳሩን ካያችሁ አትሂዱ። መሻገር ግድ ከሆነም አንዱ ይለፍ፣ ሌላው ቆሞ ይየው።»

በሦስተኛው ቀን የዳገቱ በረዶ ተንዶ ወረደ። ሥሩ ሰው አልነበረም፤ ስድስቱም እቤታቸው ነበሩ።

ዛሬም በረዶ በጣለ ማግስት ሙርዛቃን አካፋቸውን ይዘው ወደ ዳገቱ መግቢያ ይወጣሉ። ጎረቤት «ወዴት ነው?» ሲላቸው፣

«ቤካን ልጠይቅ» ይላሉ።